እንግሊዝ አልጋ ሲያልቅባት

እኛ አገር «እገሌ በአመክሮ ተፈታ» ከተባለ፣ ሰውየው ከፍርዱ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሷል፣ ጠባዩ ተመስክሮለታል፣ ለተበዳዩም የአቅሙን ክሷል ማለት ነው። እንግሊዝና ዌልስ በ2024 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ግን ፈጽሞ ሌላ ነው፤ ልንገራችሁ።

በዚያ ዓመት ማረሚያ ቤቶቹ ጢም ብለው ሞሉ። ሴፕቴምበር ሲገባ የእስረኛው ቁጥር ከ88,500 አለፈ። አልጋ ካለቀ ዳኛው የፈረደበትን፣ ፖሊስ የያዘውን የት ያስገቡታል? የፍትሕ ሥራው ሁሉ ቀጥ ሊል ሆነ። የዚያን ጊዜዋ የፍትሕ ሚኒስትር ሻባና ማህሙድ ይህን ፈርተው አስቀድመው በጁላይ ስሌቱን ቀይረውት ነበር፤ ግማሹን ጨርሰው ይወጡ የነበሩ ብዙ ፍርደኞች 40 በመቶውን ሲጨርሱ እንዲወጡ ተወሰነ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1,700 ያህል ሰዎች ተፈቱ። የእያንዳንዱን ጠባይ ቁጭ ብሎ የመረመረ ቦርድ የለም፤ ቀኑ ደረሰ፣ ወጡ።

በወሲብ ወንጀል የተፈረደባቸው፣ በከባድ የኃይል ጥቃት አራት ዓመትና ከዚያ በላይ የተቀጡ፣ ከቤት ውስጥ ጥቃት ጋር በተያያዘ የታሰሩም እንዳይካተቱ ተብሎ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ ታዲያ እዚህ ላይ ነው። 37 ሰዎች በስህተት ተለቀቁ። ሰው እንዳያስቸግሩ ፍርድ ቤት ያወጣባቸውን እገዳ የጣሱ ናቸው። ጥፋታቸው የተመዘገበው ግን በተሻረ ሕግ ስለነበር፣ የማይፈቱትን የሚለየው ማጣሪያ አለፋቸው። ስህተቱ ሲታወቅ ፖሊስ ሊመልሳቸው ወጣ። እገዳው የወጣላቸው ሰዎች ምን ተሰምቷቸው ይሆን?

ቀድሞ መፍታቱን አልቃወምም፤ ሰው በሰው ላይ ማጎር ቅጣት ሳይሆን በደል ነው። ግን ተፈቺው ቀሪውን ቅጣት ውጭ ሆኖ ግዴታ ተጥሎበት ስለሚጨርስ፣ ፕሮቤሽን የሚባሉት ተከታታይ ሠራተኞች ዘንድ በቀጠሮው መቅረብ፣ በተፈቀደለት አድራሻ ማደር አለበት። ሠራተኞቹ በቁጥር አነስተኛ፣ ሥራው ከአቅማቸው በላይ ነው። ማደሪያ የሌለው ሰው ደግሞ የትኛውን አድራሻ ይስጥ? አዲስ ወንጀል ሳይሠራ፣ ግዴታውን ባለማክበሩ ብቻ ተጠርቶ የሚመለሰው ብዙ ነው። በ2024 ማብቂያ እንዲህ ተመልሰው የታሰሩት ከ12,000 በላይ ነበሩ፤ ከሰባት እስረኛ አንዱ ገደማ።