የረር ላይ ከጫፉ በፊት ለምን ተመለስን?

ከእሁዱ ጉዞ ወዲህ ግሩፑ ውስጥ የሚመላለሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ጫፉ እየታየን ለምን ተመለስን?» አንዳንዶቻችሁማ መሪያችን ፈሪ ነው እስከማለት ደርሳችኋል። እኔ ከእሱ ጋር ነኝ።

የረር ተራራ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ነው፤ ከሥሩ የተዘረጋው የአድአ ሜዳ 1,900 አካባቢ። 1,000 ሜትር በወጣችሁ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ይቀዘቅዛል። መስከረም ላይ ደግሞ መሬቱ ገና ውሃ እንደጠገበ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲያርፍበት እርጥበቱ ይተናል፣ የሞቀው አየር ተራራውን ታክኮ ይወጣል፣ እላይ ሲደርስ ቀዝቅዞ ደመና ይሆናል። 3 ሰዓት ላይ ጥርት ያለው ሰማይ 6 ሰዓት ላይ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት እንነሳ የሚባለውም እኛን ለማሰቃየት አይደለም። እሁድ ግን እግራችንን ያነሳነው 4 ሰዓት አልፎ ነው (ሁለተኛውን ቡና ያዘዛችሁ ራሳችሁን ታውቃላችሁ)።

ብልጭታ ስታዩ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ 30 ሳይሞላ ከሰማችሁ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ከገላጣ ጀርባ ላይ መውረድ አለባችሁ። መሪያችን የቆጠረው 20 አልሞላም ነበር። በረዶ መጣል ሲጀምር ወደ አንድ ግራር ሥር የሮጣችሁም ነበራችሁ። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ ዛፍ መብረቅ ይስባል። ደግሞ ይኸኛው ግራር ክረምት ላይ ቅጠሉን የሚያራግፍ፣ በበጋ የሚለመልም ነው። ገበሬው ጤፉ መካከል የሚተወው አንድም ለዚህ ነው፤ በዝናቡ ወራት ሰብሉን አያጠላበትም። እናንተንም አያስጠልልም።

ስለ ጭቃው የሳቃችሁትን ሳቁ፣ የጫማ ሶል ግን ተገንጥሎ ቀርቷል። መረሬ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ሸክላማ አፈር ነው፤ ከዘነበበት በኋላ እያንዳንዱ እርምጃ ጭቃ ጨምሮ ይነሳል። በኮንጎ ጫማ ቀድመውን ያለፉት አባት «ልጆቼ፣ ሣር ሣሩን ርገጡ» ያሉን ዝም ብለው አልነበረም፤ የሣሩ ሥር እግር ያስጥላል። ችግሩ ሣሩ ያለው በማሳዎች ድንበር ላይ ብቻ መሆኑ ነው፣ እሱም ለአንድ ሰው ብቻ ይበቃል። ጎን ለጎን እያወጋን ስንሄድ አንዳችን ጤፍ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ጤፍ አገዳው ቀጭን ነው፤ ከተጋሸበ ተስተካክሎ አይነሳም፣ ምርቱም ይቀንሳል። በዚህ ላይ አልደራደርም፦ ጭቃው እስከ ጉልበት ቢሆንም በሰልፍ፣ አንድ በአንድ።

እኛን ያማረረን ዝናብ ለአካባቢው ሰው ሥራ ነው። ሽምብራና ጓያ የሚዘሩት ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዝናብ አይጠብቁም፣ መረሬው ይዞ ባቆየው እርጥበት ያድጋሉ።

ጫፉን የግድ የምትሉ ኅዳር መጨረሻ ላይ እንሂድ። ሰማዩ ይጸዳል፣ መሬቱም ይደርቃል። ያኔ የሚያሰጋው የመረሬው ስንጥቅ ነው፤ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ጫማ አድርጉ።