የደጋ ሳንባ፣ የበረዶ እግር

የአገር አቋራጭ ስኪ ደንብ ለከፍታ ወሰን ያበጃል። ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽን የመወዳደሪያው መንገድ ከባሕር ጠለል ከ1,800 ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይጠይቃል፤ ከዚያ በላይ አየሩ እየሳሳ ተወዳዳሪውን ትንፋሽ ያሳጥረዋልና። የወሎ ሰው ይህን ሲሰማ ቢገረም አይፈረድበትም። ከደሴ በሐረጎ ጠመዝማዛ ወርደን፣ ጋቢያችንን አጣጥፈን «ሞቀን» የምንልባት ኮምቦልቻ እንኳ ከዚህ ወሰን ታልፋለች። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። አፄ ዮሐንስ በ1870 ዓ.ም. ጉባኤ ያደረጉበት ቦሩ ሜዳም ያው ደጋ ነው፤ የኅዳር ሌሊት ውርጩን እዚያ ያደረ ሰው ያውቀዋል።

እንዲህ ያለ ከፍታ ላይ ያደገ ሰው ስስ አየር ለምዶታል። ኦክስጅን የሚሸከመው ቀይ የደም ሕዋስ በከፍታ ላይ ስለሚበዛም፣ የአውሮፓ ስኪ ተወዳዳሪዎች ገንዘብ ከፍለው ተራራ ላይ ይሰነብታሉ። እኛ ዘንድ ከፍታው በነጻ የሚገኝ ነው። ታዲያ የጎደለን ምንድን ነው? በረዶ ብቻ ነው የሚል መልስ ይቀናል፤ ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል።

ስኪውን በቅርብ እንየው። ጠባብና ቀላል ነው፤ ለክላሲክ ውድድር የሚሠራው ከባለቤቱ ቁመት ይረዝማል። ደልዳላ ነገር ላይ ሲያስቀምጡት መሐሉ እንደ ቀስት ጎብጦ ከመሬት ይነሣል። ጫፍና ጫፉ የሚያንሸራትት ሰም፣ ከጫማው ሥር ያለው ጎባጣ ደግሞ የሚይዝ ሰም ይቀባል። ተወዳዳሪው ክብደቱን በሙሉ በአንድ እግሩ ሲጥል መሐሉ ተጭኖ በረዶውን ይነክሳል፤ ያን ጊዜ ገፍቶ ይወነጨፋል። ክብደቱን ሲያነሣለት መሐሉ ተመልሶ ይነሣና ስኪው ይንሸራተታል። ይህ ሁሉ በየእርምጃው፣ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይሆናል። በዚያ ላይ ሁለቱ እጆች በዘንግ ይገፋሉ፣ ሆድና ጀርባ ያግዛሉ። ሯጭ በዋናነት በእግሩ ይሠራል፤ የስኪ ተወዳዳሪ መላ አካሉን ያሠራል። በስፖርት ሳይንስ ከተለኩት ከፍተኛ የኦክስጅን አጠቃቀም ውጤቶች ብዙዎቹ የእነዚህ ሰዎች የሆኑት ለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ አካል የሚገነባው በረጅም ልምድ ነው፤ ለምሳሌ በስዊድን ስኪ የሚጀመረው በልጅነት ነው። ከ1922 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚካሄደው፣ 90 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው ቫሳሎፔት በተባለው የስኪ ውድድር በሺዎች የሚቆጠር ተራ ሰው ይሰለፋል። ስዊድናዊው የስኪ ተወዳዳሪ ሲክስተን የርንበሪ ከ1956 እስከ 1964 እ.ኤ.አ. በሦስት ኦሎምፒኮች ዘጠኝ ሜዳሊያ ሰብስቧል። በሰሜን ስዊድን ያደገችው ሻርሎት ካላም እንዲሁ ዘጠኝ አላት። በ2014 የሶቺ ዱላ ቅብብል የመጨረሻውን ዙር ስትረከብ ከመሪዎቹ ከ25 ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ነበረች፤ ደርሳባቸው አሸነፈች። እንዲህ ያለ ጉልበት በአንድ ክረምት አይገነባም።

አሁን ወደ ኢትዮጵያዊው የስኪ ተወዳዳሪ ሮቤል ተክለማርያም እንምጣ። በ1974 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ ስኪ የተማረው ሌክ ፕላሲድ በምትባለው የኒውዮርክ ግዛት ከተማ ነው። በኋላም ለኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ተወዳድሯል። ኢትዮጵያን ወክሎ ለመሰለፍ በአገሩ ስም የቆመ ፌዴሬሽን ያስፈልገው ነበርና፣ እሱንም ከወንድሙ ጋር አቋቋመ። በአዲስ አበባ አስፋልት ላይ በባለ ጎማ ስኪ ሲለማመድ ያየው ሰው በረዶ አጥቶ የፈጠረው ዘዴ መስሎት ይሆናል። አይደለም። ስዊድናውያንም በበጋቸው የሚለማመዱት እንዲሁ ነው።

በ2006 እ.ኤ.አ. በቶሪኖ የክረምት ኦሎምፒክ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ ገባ፤ ከእሱ በፊት ማንም በዚህ መድረክ አገራችንን አልወከለም። በ15 ኪሎ ሜትር ክላሲክ 83ኛ ወጣ። በ2010 በቫንኩቨር በ15 ኪሎ ሜትር ፍሪስታይል 93ኛ ሆነ። በዚያው ውድድር ስዊድናዊው ማርከስ ሄልነር አራተኛ ነበር። በአገራችን ወርቅ የለመደ ጆሮ 83ኛን እንደ ውድቀት ይሰማዋል፤ እኔ እንደዚያ አላየውም። ሄልነር ከኋላው አሠልጣኝ፣ ሰም ቀቢ ባለሙያ፣ ብዙ ጥንድ ስኪና ትውልድ የቆጠረ ልምድ ነበረው። ሮቤል ተወዳዳሪም ፌዴሬሽን መሥራችም ራሱ ነበር። ያም ሆኖ በቶሪኖ ከኋላው ያስቀራቸው ነበሩ። ይህ ሰው በትምህርት ቤቶቻችን ስሙ ሊነሣ የሚገባው ስፖርተኛ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከእሱ በኋላ መንገዱ ተዘግቷል ማለት አይደለም። የቶንጋው ስፖርተኛ ፒታ ታውፋቶፉአ፣ በረዶ ከማያውቅ ደሴት ተነሥቶ፣ ለ2018ቱ የፒዮንግቻንግ ኦሎምፒክ ከሚያስፈልገው ነጥብ አብዛኛውን ያገኘው አስፋልት ላይ በተደረጉ የባለ ጎማ ስኪ ውድድሮች ነው። ለወሎ ልጅም መነሻው አስፋልት ይሆናል ማለት ነው፤ የትኛው አስፋልት የሚለው ግን ቀላል ጥያቄ አይደለም። ሐረጎን ማሰብ አይገባም፤ ባለ ጎማ ስኪ በተለምዶ ፍሬን የለውም፣ ቁልቁለቱን የሚወርደውም ከባድ መኪና ነው። የሚሻለው እንደ ቦሩ ሜዳ ያለ ደልዳላ ቦታ፣ ማለዳ፣ ተሽከርካሪ ሳይበዛ ነው። እግሩና ትንፋሹ ለደረሰ ሯጭ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ክንድና ሚዛን ናቸው፤ በአንድ እግር ቆሞ እስኪያቆም ድረስ መንሸራተት፣ ከዚያ በዘንግ ብቻ መግፋት። በረዶው የሚያስፈልገው ከዚያ በኋላ ነው።