ማዕበሉ ካለፈ በኋላ ወሽመጡ ምን ሆነ?

ሱናሚ የጃፓንኛ ቃል ነው። «ትሱ» ወደብ፣ «ናሚ» ማዕበል ማለት ነው፤ የወደብ ማዕበል። ስሙ ብቻውን ብዙ ይነግረናል። ይህ ማዕበል ጥልቁ ውቅያኖስ ላይ ሳለ የጄት አውሮፕላን ያህል ይፈጥናል፤ ከፍታው ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ሜትር ስለማይዘል በላዩ የምታልፍ ጀልባ ላታውቀው ትችላለች። ወደ ዳር ሲቃረብ ነው ነገሩ የሚለወጠው። ጥልቀቱ ሲያንስ ፊተኛው ውሃ ይዘገያል፣ ከኋላ የሚመጣው ይደርስበታል፣ ውሃ በውሃ ላይ ይቆለላል። አፉ ሰፊ፣ ጉሮሮው ጠባብ የሆነ የባህር ወሽመጥ ውስጥ ሲገባ ደግሞ መሄጃ አጥቶ ወደ ላይ ይወጣል።

ርቀትም አይገታውም። ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም. ሱማትራ አጠገብ የተነሳው ሱናሚ የህንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ጎረቤታችን ሶማሊያ ድረስ መጥቷል፤ ሐፉን የምትባለውን የዓሣ አጥማጆች መንደርም አውድሟል።

በዚህ ምዕራፍ የማወጋችሁ ግን ስለ ሳንሪኩ ነው። ሳንሪኩ የሰሜን ምሥራቅ ጃፓን ጠረፍ ነው፤ ተራራው ቁልቁል ባህር ውስጥ ይገባል፣ ባህሩም በየሸለቆው ወደ መሬት ይዘልቃል። ጠባብና ጥልቅ ወሽመጦች በረድፍ ተደርድረዋል። መጋቢት 2 ቀን 2003 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ መጠኑ (ማግኒቲዩዱ) 9 ገደማ የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ይህን አካባቢ መታው። ተከትሎ የመጣው ሱናሚ አንዳንድ ቦታ ከባህር ጠለል 40 ሜትር ገደማ ድረስ ሽቅብ ወጣ። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው ሞተ ወይም ደብዛው ጠፋ። ከዚህ በኋላ ስለ ሣርና ስለ ዛጎል ሳወራ ይህን ረስቼ አይደለም። ከሞት የተረፉት ሰዎች ራሳቸው በማግስቱ ከጠየቋቸው ጥያቄዎች አንዱ «ባህሩስ ሞተ ወይ?» የሚል ስለነበረ ነው። እንጀራቸው እዚያው ነበርና።

ለመሆኑ ወሽመጡ ውስጥ ምን ተፈጠረ? በክረምት ሙላት ወንዝ ሲደፈርስ ያየ ሰው መነሻው አያስቸግረውም። ወሽመጥ እርጋታ ያለበት ቦታ ነው፤ በእርጋታው ዘመን ከወንዝ የሚወርደው ደለል፣ የከተማው ፍሳሽና የዛጎል እርባታው ጥራጊ ወለሉ ላይ ይተኛል። ከዓመት ዓመት ሲደራረብ ኦክስጅን የማይገባው፣ እንደተበላሸ እንቁላል የሚሸት ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። ሱናሚው ይህን ሁሉ ከሥሩ ቆፍሮ አነሳው። እዚያው ሳንሪኩ ባለችው በኬሴንኑማ ከተማ ላይ የወረደው ውሃ እንደ ቀለም የጠቆረው ለዚህ ነው። ከዝቃጩ ጋር አብሮ የተነሳ ሌላም ነገር ነበረ፦ ጭቃ ውስጥ ተኝቶ የቆየ የመርዛማ ጥቃቅን አልጌዎች ዘር። ዘሩ ወለሉ ላይ እንደገና ስለተበተነ በቀጣዮቹ ዓመታት መርዛማ አልጌ በአንዳንዶቹ ወሽመጦች በረከተ።

ውሃው ጭቃውን ጠራርጎ በወሰደበት ቦታ አሸዋ ብቅ አለ፤ ባራገፈበት ደግሞ አሸዋው ተቀበረ። ስለዚህ «ሱናሚ ወሽመጥን ያጠፋል» ወይም «ያጸዳል» የሚል ጥቅል ፍርድ አልቀበልም። እዚያው አንድ ወሽመጥ ውስጥ ሁለቱም ሆኗል።

በጣም የተጎዳው የባህር ሣሩ ነው። የባህር ሣር ከአልጌ ይለያል፤ አበባ የሚያብብ፣ ለስላሳ አሸዋና ጭቃ ላይ ሥር የሚሰድ እውነተኛ ተክል ነው። የዓሣ ጫጩቶች የሚሸሸጉበት፣ አንዳንድ ዓሦች እንቁላል የሚጥሉበት፣ ውሃው እንዲረጋ የሚያደርግ መስክ ነው። ማዕበሉ ወለሉን ሲልጥ ሣሩም ከነሥሩ ተነቀለ። ዓለት ላይ ተጣብቆ የሚያድገው ኬልፕ የተባለው ትልቅ አልጌ ግን በብዛት ተረፈ። ከእንስሳቱም መካከል ዕጣው እኩል አልነበረም፤ ካደጉት የአባሎን ቀንድ አውጣዎች ይልቅ ግልገሎቹ አለቁ። የባህር ጃርቶችም በአንዳንድ ቦታ ተጠርገው ሄዱ፤ እዚያው ሳንሪኩ ባለው በሺዙጋዋ ወሽመጥ ግን ዓመታት ቆይተው ከበፊቱ በላይ በዙና ከማዕበሉ የተረፈውን ኬልፕ ይግጡት ጀመር። የሱናሚ ጉዳት በአንድ ቀን አያልቅም የምለው ለዚህ ነው፤ የተናጋው ሚዛን ለዓመታት ይወዛወዛል።

እስካሁን ያነሳሁት ውሃው ብቻውን የሠራውን ነው። ለእኔ ይበልጥ የሚከብደኝ እኛ ሰዎች በውሃው መንገድ ላይ አስቀምጠነው የነበረው ነገር ነው። በኬሴንኑማ ወደብ ዳር ተደርድረው የነበሩ ከ20 በላይ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንኮች ተነቅለው ሄዱ፤ የፈሰሰው ነዳጅ ተቀጣጥሎ ወሽመጡ ሌሊቱን ነደደ። የጃፓን መንግሥት እንደገመተው ወደ ባህር የተጠረገው ፍርስራሽ 5 ሚሊዮን ቶን ነው፤ 70 በመቶው ያህል እዚያው ጠረፉ አጠገብ ሰጠመ። የቀረው ተንሳፈፈ። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2012 ከሚሳዋ ወደብ የተነቀለ 20 ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የጀልባ ማቆሚያ መድረክ በአሜሪካ ኦሪገን ጠረፍ ላይ አረፈ፤ በላዩም የጃፓን ዛጎሎችና አልጌዎች በሕይወት ነበሩ። እ.ኤ.አ. እስከ 2017 ድረስ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ፓስፊክን የተሻገሩ 289 ዓይነት ሕይወታውያን ቆጥረዋል። ግንድ ቢሆን መንገድ ላይ በበሰበሰ ነበር፤ ያሻገራቸው በአብዛኛው ፕላስቲክና ፋይበር ግላስ ነው።

አሁን ወደ አንድ ሰው ልውሰዳችሁ። ሺጌአትሱ ሃታኬያማ በኬሴንኑማ፣ ሞኡኔ በምትባል ትንሽ ወሽመጥ ኦይስተር አርቢ ነበሩ። ኦይስተር ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ሲሆን ከተንሳፋፊ ርብራብ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ ይረባል፤ የሚበላው ውሃው የሚያመጣለትን ጥቃቅን ተንሳፋፊ ሕይወት፣ ፕላንክተንን ነው። የወሽመጡ ውሃ በብክለት ሲበላሽ ያዩት እኚህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ ከጓደኞቻቸው ጋር ወንዙ ከሚመነጭበት ተራራ ላይ ዛፍ ይተክሉ ነበር። የደን አፈር የሚሰጠው ብረትና ሌላው ንጥረ ነገር በወንዝ ወርዶ ፕላንክተኑን ይመግበዋል ብለው ስላመኑ ነው። በ2003 ዓ.ም. ሱናሚው እናታቸውን ነጠቃቸው፤ ጀልባና ርብራባቸውንም ወሰደ። ባህሩ ላይ ዓሣ አይታይም ነበር። ወራት ሳይቆዩ ግን ትንንሽ ዓሦች ተመለሱ፤ ውሃውን የመረመሩ ሳይንቲስቶችም ፕላንክተኑ ሞልቶ አገኙት።

ሞኡኔ ላይ ሌላም ለውጥ መጣ። መንቀጥቀጡ መሬቱን ዝቅ ስላደረገው፣ ዱሮ ባህሩ ተገፍቶ የሩዝ ማሳ የሆነው ቦታ እንደገና የጨው ረግረግ ሆነ። አሳሪ የሚባሉት ትንንሽ ዛጎሎችም ተመልሰው ገቡበት። ያን ጊዜ መንግሥት ሱናሚው ክፉኛ በመታቸው ሦስት ክፍላተ ሀገር ጠረፍ ላይ በጠቅላላው ወደ 400 ኪሎ ሜትር የሚደርስ የኮንክሪት ግንብ ያቅድ ነበር። ሞኡኔ ላይም 10 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ግንብ ታስቦ ነበር። ነዋሪዎቹ መክረው «ቤታችንን ከፍታ ላይ እንሠራለን፣ ግንቡ ይቅርብን» አሉ፤ ግንቡም ቀረ። ሰው የሚኖርበትን ከተማ መከለል የሚያስፈልግበት ቦታ እንዳለ አልክድም። ሰው በማይኖርበት ረግረግ ፊት ግንብ ማቆም ግን ስህተት ነው እላለሁ። ሱናሚው የነቀለውን ሣር ዘር ይመልሰዋል፤ ኮንክሪት የዘጋውን የወንዝና የባህር መገናኛ የሚመልስ ዘር የለም።

ከሞኡኔ በስተደቡብ ባለው በሺዙጋዋ ወሽመጥ ቶኩራ የተባለው ሰፈር የኦይስተር አርቢዎች ደግሞ ሌላ ውሳኔ ወሰኑ። ከሱናሚው በፊት ከ1,000 በላይ ርብራብ ተጨናንቆበት ስለነበር ኦይስተሩ ምግብ እየተሻማ ለገበያ ለመድረስ ሁለትና ሦስት ዓመት ይፈጅበት ነበር። ሁሉም ርብራብ ሲጠፋ አርቢዎቹ እንደገና የጀመሩት በሲሶው ገደማ ነው። ከባድ ክርክር ነበረበት፤ የተራበ ሰው «ቀንስ» ሲባል አይወድም። ኦይስተሩ ግን በአንድ ዓመት ደረሰ፤ ወለሉ ላይ የሚጠራቀመው ጥራጊም ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ እርባታ በጃፓን የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የኃላፊነት እርባታ ማረጋገጫ አገኘ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የሺዙጋዋ ወሽመጥ ለባህር ሣሩና ለአልጌ መስኮቹ ሲባል ረግረጋማ ቦታዎችን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የራምሳር ስምምነት ተመዘገበ፤ በብርድ ወራት ከሰሜን የሚመጡት ጥቁር ዝዮች ዛሬም ያንን ሣር ሊበሉ እዚያ ያርፋሉ።