ዕድርና የወላጆች ጭንቀት
ጫት ካቲኖን የተባለ አነቃቂ ንጥረ ነገር ስላለው፣ የቃመ ልጅ በምርቃና ሌሊቱን ሲያነጋ፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ማለትም አልኮል ሲጨምርበት፣ ጫቱ ሲቀርም ዱካክ በሚባለው ቅዠት ሲሠቃይ፣ ብዙ ወላጅ ነገሩን ለስንፍና ወይም ለክፉ መንፈስ ሰጥቶ ከጎረቤት ይደብቃል። ከአልጋ ሥር የተገኘ የጫት ገረባ በፌስታል ተቋጥሮ ማታ የሚጣለው በዚሁ ሐፍረት ነው፤ ሐፍረቱም ሕክምናውን ያዘገያል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ቢከለክልም፣ ሕግ ብቻውን የጓዳን ችግር አይፈታም። ለሐዘን ድንኳን የሚተክለው ዕድር ግን የየቤቱን ደጃፍ ያውቃል፤ ስለዚህ በወርኃዊ ስብሰባው የአእምሮ ጤና ባለሙያ ጋብዞ ወላጆችን ሊያወያይ፣ ለሕክምና የሚሄደውንም ቤተሰብ ሊያግዝ ይችላል። የዕድር ዳኞች ጉዳዩን ሳይውል ሳያድር በአጀንዳ ያስይዙት።