ኒውሮፔፕታይዶች፦ የስሜትና የሲምፓቴቲክ ነርቮች መልእክተኞች

ከደሴ አቅራቢያ የሚገኘው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የሥጋ ደዌ ሕሙማንን በማከም ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። በዚህ በሽታ የተጎዳ እግር ሕመም አይሰማውም፣ አያልበውም፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም፤ ምክንያቱም የስሜትና የሲምፓቴቲክ ነርቮች ቀጫጭን ጫፎች አብረው በመጎዳታቸው ነው።

የስሜት ነርቭ ሥራ መልእክትን ወደ አንጎል ማድረስ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1931 ቮን ኦይለርና ጋደም ያገኙትን ሰብስታንስ ፒ የተባለ ኒውሮፔፕታይድ በማመንጨት በቆዳ ውስጥ የደም ሥሮችን ያሰፋል፣ የቁስልን መዳን ያግዛል፤ በሆድ ዕቃ ጋንግሊያዎች ደግሞ የሲምፓቴቲክ ሴሎችን ያነቃቃል።

ስለሆነም በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሚሠራ የጤና ባለሙያ የስሜት መጥፋትን ብቻ ሳይሆን የቆዳ ድርቀትንም መመርመር ይኖርበታል። ድርቀት ስንጥቅን፣ ስንጥቅም ቁስልን ያስከትላልና፣ ሕመምተኛው በየቀኑ እግሩን በውኃ እንዲዘፈዝፍና ቅባት እንዲቀባ ሊመከር ይገባል።