አያትም የምትከሰስበት አገር

በዚህ ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ሁለቱ የልጅ ልጆቼ እኔ ዘንድ ከረሙ። ዝናቡ ከደጅ ሲያግዳቸው ሳሎን ውስጥ አገር መሠረቱ። የፍሪጅ ካርቶን ቤተ መንግሥት፣ ምንጣፉ ድንበር ሆነ። የዘጠኝ ዓመቱ ወንድ ልጅ ንጉሥ ሲሆን፣ የሰባት ዓመቷ እህቱ ደግሞ «ሕዝቡ በሙሉ» ሆነች። ትምህርት ቤት አልሠሩም። ጤና ጣቢያም አልሠሩም፤ ዕድሜዬን በነርስነት ላሳለፍኩት ለእኔ ይህ ትንሽ ቅር ያሰኛል። ከቤተ መንግሥቱ ቀጥሎ የሠሩት እስር ቤት ነው፣ ከአልጋ ሥር።

ብዙም ሳይቆይ «ሕዝቡ» እያለቀሰች ማድ ቤት መጣች። ታስራ ነበር።

«ምን አድርገሽ ነው የታሰርሽው?» አልኳት።

«እኔ አላውቅም። ማንም አልጠየቀኝም።»

ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር፤ ቢላዋውን አስቀመጥኩት። ይህንኑ ቃል ከሠላሳ ዓመት በፊት ከአባቷ አፍ ሰምቼዋለሁና። ወደዚያ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለ አንድ ሐኪም ላጫውታችሁ።

ያኑሽ ኮርቻክ ይባላል፤ የፖላንድ አይሁዳዊ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ኮርቻክ የብዕር ስሙ ነው፤ የትውልድ ስሙ ሄንሪክ ጎልድሽሚት ይባላል። ዋርሶ ከተማ ውስጥ በሕፃናት ሆስፒታል ካገለገለ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1912 የተከፈተውን የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ መምራት ጀመረ። ይህ ሰው አንድ አገር በመጽሐፍ ፈጠረ፤ ሌላ አገር ደግሞ በዚያ ማሳደጊያ ውስጥ ገነባ።

በመጽሐፉ ያለው አገር ንጉሥ ማትዮስ የሚባል ልጅ ነው። አባቱ ሲሞት በልጅነቱ ዘውድ ይጭናል። ሚኒስትሮቹ እንደ ሕፃን ሊያዙት ይሞክራሉ፤ እሱ ግን ለልጆች የሚበጅ አገር ሊሠራ ይነሳል። ለአዋቂዎች አንድ፣ ለልጆች አንድ፣ ሁለት ፓርላማ ያቋቁማል። ለልጆች አረንጓዴ ባንዲራ ይሰጣቸዋል። ከዚያ የልጆቹ ፓርላማ አዋቂዎች ትምህርት ቤት ይግቡ፣ ሥራውን እኛ እንሠራለን ብሎ ይወስናል። ባቡሩም ስልኩም ፋብሪካውም ይበላሻል። ጎረቤት ነገሥታት አገሪቱን ይወራሉ፤ ትንሹ ንጉሥ ሞት ይፈረድበትና በመጨረሻዋ ሰዓት ቅጣቱ ተለውጦለት ሰው ወደማይኖርበት ደሴት ይጋዛል።

እኔ ከዚህ የተረዳሁት፣ ልጅን መውደድና ሥልጣን በእጁ ማስጨበጥ ብቻውን እንደማይበቃ ነው። ሥርዓቱ አብሮ ካልተሰጠው ልጁም አገሩም ይጎዳሉ። ደግነቱ ኮርቻክ ሥርዓቱን በማሳደጊያው ውስጥ ያውቅበት ነበር።

እዚያ ልጆቹ የራሳቸው ፍርድ ቤት ነበራቸው። የተበደለ ልጅ ክሱን ያስመዘግባል። ዳኞቹ አምስት ልጆች ናቸው፤ በዚያ ሳምንት ክስ ካልቀረበባቸው ልጆች መካከል በዕጣ ይወጣሉ። ከአሳዳጊዎቹ አንዱ የሁለቱንም ወገን ቃል ተቀብሎ ይጽፋል፤ በፍርዱ ላይ ግን ድምፅ የለውም። ልጅ ልጅን ይከሳል፤ ልጅ አሳዳጊውንም መክሰስ ይችላል።

ሕጉን የጻፈው ኮርቻክ ራሱ ነው። የመጀመሪያዎቹ 99 አንቀጾች በሙሉ ተከሳሹን ይቅር የሚሉ ወይም ክሱን የሚዘጉ ናቸው፤ ከሳሹ ትቶታል፣ ተከሳሹ ሳያውቅ ነው ያደረገው፣ ተጸጽቷል፣ ሁለተኛ አይደግመውም እያሉ። ከዚያ በኋላ ቁጥሩ በመቶ በመቶ ይዘላል። አንቀጽ 100 «ጥፋተኛ ነህ» ከማለት አያልፍም። 500 ላይ ሲደርስ ፍርዱ በማሳደጊያው ጋዜጣ ይወጣል፤ 700 ላይ ለቤተሰብ ይነገራል። የመጨረሻው አንቀጽ 1000 ነው፤ ልጁን ከማሳደጊያው ያሰናብታል። ዱላ በዚህ ሕግ ውስጥ የለም።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ አልነበረም። ልጆቹ በጥቃቅኑ ነገር እየተካሰሱ ስላስቸገሩ ኮርቻክ ችሎቱን ለጥቂት ጊዜ ዘግቶት ነበር፤ አሻሽሎ መልሶ ከፈተው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ ግን ሌላ ነው። በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ኮርቻክ ራሱን አምስት ጊዜ ከሶ በልጆቹ ፊት ቀርቧል። አንዱን ልጅ በጥፊ በመምታቱ፣ ሌላውን ከመኝታ ክፍል በማስወጣቱ፣ ሌላውን ጥግ በማቆሙ፣ ዳኛ በመስደቡ፤ አምስተኛው ደግሞ አንዲትን ልጅ በስርቆት በመጠርጠሩ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልመለስ።

ልጄ የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ፣ አንድ ቀን ከሌሊት ተረኛነት ስመለስ ለዕቁብ ያስቀመጥኩት ሃምሳ ብር ከመሳቢያው ጠፋ። ቤት ውስጥ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ደክሞኝ ነበር፤ ሳልጠይቀው መታሁት። «እኔን ማን ጠየቀኝ?» እያለ አለቀሰ። «ደግሞ አፍ አለኝ ትላለህ?» ብዬ ጨመርኩለት። በሦስተኛው ቀን ጋወኔን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ብሩ እዚያው ተጣጥፎ ተቀምጧል። ምንም አላልኩም። ማታ ብስኩት ገዝቼለት ገባሁ።

በሥራ ዘመኔ የበሽተኛውን ቃል ሳልሰማ መርፌ ወግቼ አላውቅም። መቼ ጀመረህ፣ የት ያምሃል፣ ምን ወስደሃል ብሎ መጠየቅ የመጀመሪያው ትምህርታችን ነው። ቤቴ ስገባ ግን ይህን ትምህርት ከጋወኑ ጋር አውልቄ እሰቅለው ነበር።

ነገሩ ለእኛ ባዕድ አይደለም። «በሕግ አምላክ!» ሲባል እርምጃውን የሚገታ ሕዝብ ነን። አባቶቻችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ» ያሉት፣ ሰውን የሚያንገበግበው የጠፋው ነገር ዋጋ ሳይሆን ሳይሰሙት የተፈረደበት መሆኑን ስለሚያውቁ ነው። ሽማግሌ ሲቀመጥም አንዱን ብቻ ሰምቶ አይነሳም። ይህን ለጎረቤት እናደርገዋለን፤ ለገዛ ልጆቻችን ግን እንነፍጋቸዋለን።

እናም በዚህ ክረምት በእኔ ሳሎን ሕግ ወጣ። ሦስት አንቀጽ ብቻ ነው። አንደኛ፣ ሁለቱም ወገን ሳይሰማ አይፈረድም። ሁለተኛ፣ የተቆጣ ሰው ቁጣው ሳይበርድ አይፈርድም። ሦስተኛ፣ አያትም ትከሰሳለች። ሦስተኛውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ንጉሡ እጅግ ተገርሞ አየኝና በትልልቅ ፊደል ጻፈው።

ሳምንት ሳይሞላ ተከሰስኩ። ከሰል ለማቀጣጠል ከቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ቀድጄ ነበር። ቃሌን ሰጠሁ፤ አሮጌ ካርቶን መስሎኝ ነው አልኩ። «ብትጠይቂን ሌላ እንሰጥሽ ነበር» አለች ትንሿ። ተመካከሩና ይቅር አሉኝ። ከአልጋው ሥር ያለው እስር ቤትም በዚያው ሰሞን የጫማ ማስቀመጫ ሆነ።

ልጆቹ እርስ በርስ መጣላታቸውን አልተዉም፤ ግን «አንተ መጀመሪያ ተናገር፣ ከዚያ እኔ» ማለት ለመዱ።

ኮርቻክ መጨረሻው ከልጆቹ ጋር ሆነ። ናዚዎች ፖላንድን ይዘው ማሳደጊያውን ወደ ዋርሶ ጌቶ አዛወሩት። ማምለጫ ቢቀርብለትም ልጆቹን ትቶ አልሄደም፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 ከሁለት መቶ ገደማ ልጆች ጋር ወደ ትሬብሊንካ ተወስዶ ተገደለ። ኋላም የልጆች መብት በዓለም አቀፍ ስምምነት ይጻፍ ብላ ሐሳቡን ያቀረበችው የእሱ አገር ፖላንድ ናት። ስምምነቱ እ.ኤ.አ. በ1989 ጸደቀ፤ ኢትዮጵያም በ1991 ተቀብላዋለች። አንቀጽ 12 ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ እንዲሰማ ያዛል። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። የቤታችንን ደጅ ግን የምንጠብቀው እኛው ነን።

ባለፈው እሑድ ልጄ ልጆቹን ሊወስድ መጣ። ቡና አፍልቼ፣ ልጆቹ ደጅ ሲወጡ፣ «አንድ ክስ አለብኝ» አልኩት። የሃምሳ ብሩን ነገር ነገርኩት። ጋወኑን፣ ብስኩቱን።

ሲኒውን እንደያዘ ቆየ። «ብሩ ተገኝቶ ነበር እንዴ?» አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ አላወቀም። እኔ በሦስተኛው ቀን የዘጋሁት ክስ በእሱ ላይ እስከዚያች እሑድ ድረስ አልተዘጋም ነበር። «ይቅር በለኝ ልጄ» አልኩት። ተነስቶ ግንባሬን ሳመኝ፤ ሁለተኛውን ቡና እሱ ቀዳልኝ።

እናንተም ዘንድ እንዲህ ያለ ያልተዘጋ ክስ ካለ፣ ልጁ የቱንም ያህል ቢያድግ፣ ጠርታችሁ ንገሩት።