ለማዕከላዊ ገበያ የሚሆን ቫን

የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ በጅቡቲ ማዕከላዊ ገበያ ዙሪያ ሱቅ ወይም መጋዘን ያላቸው ናቸው። ስለ ኤሌክትሪክ ቫን ሊያማክሩኝ ሲመጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «በአንድ ቻርጅ ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ለዚህ ከተማ ርቀት አያሳስብም። ከገበያው አጠገብ ካለው ከሐሙዲ መስጊድ አካባቢ ጭኖ በከተማው ዳር ባለው ባልባላ ሰፈር አራግፎ የሚመለስ ቫን በቀን አራት ጊዜ ቢመላለስ እንኳ ከ60 ኪሎ ሜትር ብዙም አያልፍም። ትንሽ ቫን ለ100 ኪሎ ሜትር 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ስለዚህ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ሠርቶ ይተርፈዋል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሙቀቱ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀኑ ከ40 ዲግሪ ይዘላል፣ ሌሊቱም አይበርድም። ሊቲየም ባትሪ ደግሞ በሙቀት ያረጃል፤ በተለይ ጢም ብሎ ሞልቶ ፀሐይ ላይ ሲቆም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ አሪዞና በረሃ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች ባትሪያቸው ገና በጠዋቱ አቅሙ እየቀነሰ አስቸግሯቸው ነበር። ያ ባትሪ በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ አልነበረም። ዛሬም በርካሽ ከሚሸጡት ትንንሽ ቫኖች ብዙዎቹ ባትሪያቸው የሚቀዘቅዘው በነፋስ ብቻ ነው። ለጅቡቲ ዋጋው ቢወደድም በፈሳሽ የሚቀዘቅዘውን፣ ከዓይነቱም ሙቀት የተሻለ የሚችለውን የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ምረጡ እላለሁ።

አያያዙም ወሳኝ ነው። አትክልት የሚያከፋፍሉ አንዲት ደንበኛዬ፣ የድሬዳዋ ሰው ናቸው፣ «አንተ ልጅ፣ ከሥራ እንደተመለሰች ሞልቼ ላሳድራት?» አሉኝ።

«አይሆንም እትዬ። መጀመሪያ ጥላ ስር ትቀዝቅዝ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይሰኩና ቲማቲሙ ሳይጫን 80 በመቶ ላይ ይንቀሏት። በሳምንት አንዴ ብቻ፣ ሊነሱ ሲሉ፣ እስከ 100 ይሙሏት።»

ከዚያ ሶኬቱን ለማየት ሄድኩ። ከሱቁ መስኮት የወጣ ቀጭን ማራዘሚያ ገመድ፣ ጫፉ ላይ ፕላስቲኩ ጠቁሮ ቀልጧል፤ የኧርዝ ሽቦው ማሰሪያ ደግሞ በባሕሩ ጨው አረንጓዴ ዱቄት ለብሷል። ማቀዝቀዣና አምፖል እንዲሸከም የተዘረጋ መስመር ላይ ለሰዓታት ቻርጅ ማድረግ እሳት መጋበዝ ነው። ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ከነብሬከሩ ዘረጋሁላቸው። በዚህ ገበያ ሱቆቹ ጎን ለጎን የተጣበቁ ስለሆኑ የአንዱ ሽቦ የጎረቤቱም ጉዳይ ነው።

ኃይሉ ከየት ይመጣል ለሚሉኝ፣ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጅቡቲ ከኢትዮጵያ መብራት ትገዛለች፤ በ2023 ደግሞ ጉቤት በሚባል የአገሪቱ ሥፍራ 60 ሜጋ ዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫ ተመርቋል። አዲስ አበባን ከጅቡቲ የሚያገናኘው ባቡርም በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለ ጭስ የመጣ ዕቃ ጅቡቲ ነጋድ የባቡር ጣቢያ ሲደርስ የቀረችውን አጭር መንገድ በናፍጣ መሄዱ ይቆጨኛል። በሙቀቱ ወራት ግን ማቀዝቀዣው ሁሉ ሲከፈት መብራት የሚቆራረጥበት ጊዜ አለ፤ ሌሊት ቻርጅ አድርጉ የምለው ለዚህም ጭምር ነው።

ኢትዮጵያ በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚጠግን ባለሙያ በአዲስ አበባ እየበዛ ነው። ለእኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ መለዋወጫና ምክር ቅርብ ይሆናል።

እናም ወገኖቼ፣ ቫን ልትገዙ ስትነሱ ሻጩን ባትሪው ከምን እንደተሠራ፣ በምን እንደሚቀዘቅዝና ዋስትናው በዚህ አየር ይሠራ እንደሆነ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት የሱቃችሁን መስመር ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ አሳዩ።